ሐጅ «ለቻለ» ሲባል ምን የቻለ?

አራሚዋ፦ በማርመው ጽሑፍ ውስጥ «ሐጅ ለአካለ መጠን ለደረሰና ለቻለ ሙስሊም በዕድሜ አንድ ጊዜ ግዴታ ነው» ይላል። «ቻለ» ጤና ነው ገንዘብ? ወይስ እንደ «ችሎ ኖረ» መታገሥ? ገንዘብ ኖሮት አልጋ የያዘ ሰውስ «ቻለ» ይባላል?

ሰዋስው፦ መጀመሪያ ራሱን «ሐጅ»ን እንፍታ። የግእዙ «ሕግ» እኮ ነው! ሐገገ፣ ደነገገ። ግዴታነቱ ከስሙ ይጀምራል።

ደረሳው፦ ኧረ ቀስ! ዐረብኛው «ሐጀ» አሰበ፣ ወደ አንድ ቦታ አቀና ነው። የዕብራይስጡን «ሐግ» (በዓል) ብታመጣ እንኳ ይሻል ነበር።

ሰዋስው፦ የዐረብኛው ጀመል የኛ ግመል አይደለም? የነሱ ፊደል ጂም የኛ ገ ነው።

ደረሳው፦ ድምፅ ስለገጠመ ዘመድ አይሆንም። በዚህ አያያዝህ «ሐጃ»ንም (ጉዳይ) ልትጨምር ነው፤ የሱ ሥር ሐ-ወ-ጀ ነው።

የቅኔ ቤት ድመት፦ ሁለታችሁም በር ስታችኋል። ለቅዱስ ስፍራ ተጓዥ ግእዙ «ነጋዲ» ይላል። ነገደ፦ ተጓዘ፣ ተሳለመ፣ ሸቀጠ። መንገድ፣ እንግዳ፣ ነጋዴ፣ ሁሉም ከዚያ ነው።

ሰዋስው፦ ሐጃጁን ነጋዴ አደረግኸው?

ደረሳው፦ አትሳቅ፤ በቁርኣን የአል-በቀራ ምዕራፍ 198ኛው አንቀጽ በሐጅ ወቅት መነገድን ይፈቅዳል። እህታችን የጠየቀችው «ለቻለ» የመጣበት አንቀጽም ኣሊ ዒምራን 97 ነው፤ እዚያ ያለው «ወደርሱ መንገድን ለቻለ» ነው።

የቅኔ ቤት ድመት፦ ይኸው መንገድ! ተሳቢውን ቆርጠው ጥለውባት ነው የተቸገረችው።

ደረሳው፦ ዑለማዎቹም ስንቅና መጓጓዣ ብለው ፈትተውታል። ከቤተሰብ ቀለብና ከዕዳ የተረፈ መሆን አለበት።

የኔታ፦ እኔ ግስ ሳወርድ አንዳንዶቻችሁ ፊደል አልቆጠራችሁም። ቻለ የግእዙ «ክህለ» ነው፣ ከሀሊ (ቻይ) ከሚባለው። ትዕግሥት ኋላ የመጣ ትርጉም ነው።

አራሚዋ፦ እሺ የኔታ። አልጋ የያዘውስ?

ደረሳው፦ ከኸሥዐም ነገድ የሆነች ሴት አባቷ ሸምግሎ መጓጓዣ ላይ መቀመጥ እንዳቃተው ስትነግራቸው፣ ነቢዩ ስለ እርሱ ሐጅ እንድታደርግ ፈቅደውላታል። በሻፊዒይና በሐንበሊይ መዝሀብ (የሕግ ትምህርት ቤት) ገንዘቡ ካለው ሰው ይወክላል፤ የሌላው መዝሀብ መሪ ኢማም ማሊክ ግን በራሱ መሄድ ካልቻለ ግዴታው የለበትም ይላሉ። ውክልናው «የበደል ሐጅ» ይባላል።

ሰዋስው፦ በደል? ታሞ በተኛ ምን በደለ?

ደረሳው፦ በዐረብኛ ምትክ ማለት ነው!

ሰዋስው፦ ቆይ፣ ቆይ... የኛው «በደል» ራሱ ከዚያ ቢሆንስ? ሰው በሰው ምትክ ሲቀጣ...

አራሚዋ፦ ታዲያ «ለቻለ»ን ልተወው ላርመው?

የኔታ፦ «በደለ» በገጽ ስንት ነበር?