ጥያቄ፦ የአሜሪካ መንግሥት የማኅበራችንን ከግብር ነፃ የመሆን መብት ሊነጥቅ ይችላል?

ገንዘብ ያዥ፣ ቨርጂኒያ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በሰሜን ቨርጂኒያ የአንድ አነስተኛ መረዳጃ ማኅበር ገንዘብ ያዥ ነኝ። ማኅበራችን 501ሲ3 የሚባለው ከግብር ነፃ የመሆን መብት ስላለው ለጋሾች የሰጡንን ከግብራቸው ያስቀንሳሉ። ደብረ ብርሃን ለተጠለሉ ተፈናቃዮች ብርድ ልብስና ዱቄት የሚገዛበት ገንዘብ እንልካለን። ባለፈው ስብሰባ አንድ የኮሚቴ አባል «መንግሥት ያለ ፍርድ ቤት ‹የአሸባሪ ደጋፊ› ብሎ ሊዘጋን ነው፤ ወደ አገር ቤት መላኩን እናቁም» አሉ። ብዙዎቹ ተስማሙ። እኔ አልተስማማሁም፤ የምመልሰው ግን አጣሁ። እንዲህ ያለ ሕግ ወጥቷል?

የግብር ባለሙያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦

እህቴ፣ አልወጣም። ሰውየው የሰሙት የሕግ ረቂቅ ቁጥር 9495 መሆን አለበት። የተወካዮች ምክር ቤት ኖቬምበር 21 ቀን 2024 በ219 ለ184 ድምፅ አሳለፈው፤ ሴኔቱ ሳያጸድቀው የሥራ ዘመኑ አበቃ። በሜይ 2025 ያው ሐሳብ በትልቁ የግብር ረቂቅ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ምክር ቤቱ ድምፅ ከመስጠቱ በፊት ወጣ።

ረቂቁ ማስፈራቱን አልክድም። የገንዘብ ሚኒስትሩ አንድን ድርጅት የሽብር ደጋፊ ብሎ እንዲሰይም ይፈቅዳል፤ ድርጅቱ በ90 ቀን ውስጥ ንጹሕ መሆኑን ማስረዳት አለበት፤ መንግሥት ግን ለብሔራዊ ደኅንነት ሲል ማስረጃውን ላያሳየው ይችላል። ያልታየ ክስ እንዴት ይመለሳል? አሸባሪን መርዳት እንደሆነ ዱሮም ወንጀል ነው። አሁን ባለው ሕግ የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት (አይአርኤስ) መርምሮ፣ ምክንያቱን ጽፎ፣ ይግባኝ ፈቅዶ ነው መብቱን የሚያነሳው፤ ከዚያም ፍርድ ቤት አለ። ፕሬዚዳንቱ «እገሌን መርምሩልኝ» ብለው እንዳያዙ ከ1998 ጀምሮ በሕግ ተከልክሏል። ሥልጣኑ ግን እውነተኛ ነው፤ ቦብ ጆንስ ዩኒቨርሲቲ በዘር መድልዎ ምክንያት መብቱን ተነጥቆ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራክሮ በ1983 በ8 ለ1 ተረትቷል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሦስት ዓመት በተከታታይ ዓመታዊ ቅጹን ያላስገባ ማኅበር መብቱን በራሱ ያጣል፤ ክርክርም ይግባኝም የለውም። እንዲህ መብታቸውን ያጡ ድርጅቶች የመጀመሪያው ዝርዝር በ2011 ሲወጣ 275,000 ያህል ድርጅቶች ነበሩበት። የእኛ ማኅበራት ወደ ቢሮዬ የሚመጡት በዚህ ነው። ገንዘብ ያዥ ይለወጣል፤ የይለፍ ቃሉ በቀድሞው ሰው ኢሜይል ይቀራል፤ የአይአርኤስ ደብዳቤ ሌላ ከተማ ወደ ሄደ ሊቀመንበር አፓርታማ ይላካል። ገቢያቸው በዓመት ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ ማኅበራት የሚሞሉት 990ኤን የተባለው ዓመታዊ ቅጽ በኮምፒውተር ላይ ስምንት ያህል ጥያቄ ነው፤ ቡና ሳይፈላ ያልቃል። ዛሬ ማታ በአይአርኤስ ድረ ገጽ ላይ የማኅበራችሁን ስም ይፈልጉ።

ቀድሞ በአዲስ አበባ፦

የባለሙያውን ምክር አከብራለሁ፤ «ሕጉ አልወጣም» ብሎ ማለፍ ግን አይበቃም። እኔ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን ይገዛ በነበረው በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 621/2001 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የሴቶች መብት ድርጅት ሠርቻለሁ። በአዋጁ መሠረት በመብት ጉዳይ የሚሠራ ድርጅት ከገቢው ከ10 ከመቶ በላይ ከውጭ ማግኘት አይችልም ነበር። ማንም መጥቶ በራችንን አላሸገም። ለጋሾች ራቁ፤ የሕግ ምክር የምንሰጥበት ክፍል ተዘጋ፤ ባሏ የደበደባት ሴት ደጃፋችን ላይ ቆማ «ዛሬም የለም?» ስትል ሰምቻለሁ። አዋጁ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ተተካ፤ የተበተኑት ባለሙያዎች ግን ተመልሰው አልተሰበሰቡም። የእናንተ ኮሚቴ ሳይከሰስ መላኩን ካቆመ ረቂቁ ሳይጸድቅ ሥራውን ሠራ ማለት ነው። ለምክር ቤት ተወካያችሁ ስልክ ደውሉ። ያ ሐሳብ ሁለት ጊዜ መጥቷል፤ ሦስተኛም ሊመጣ ይችላል።

የግብር ባለሙያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦

ወንድሜ፣ እውነት ነው፤ መደወሉንም እደግፋለሁ። እኔ የምለው የሚደውል ማኅበር ሰነዱ የተሟላ ይሁን ነው።

ገንዘብ ያዥ፣ ቨርጂኒያ፦

ጋሼ፣ ፈለግሁት። ስማችን አለ፣ ነገር ግን የመጨረሻው ቅጽ የገባው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ገንዘቡንም የምንልከው በአንድ አባል ወንድም የግል ሒሳብ ነው።

የግብር ባለሙያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦

እንግዲያው ገና አልረፈደም። ዓመታችሁ በዲሴምበር የሚዘጋ ከሆነ የቅጹ ቀን ሜይ 15 ነው፤ ያንን ሳትጠብቁ የቀረውን አስገቡ። በግል ሒሳብ መላኩን ግን አሁኑኑ አቁሙ፤ እዚያ ላለ የታወቀ ተቀባይ ድርጅት ከማኅበሩ ሒሳብ በባንክ ይሂድ። ስሙ በአሜሪካ የማዕቀብ ዝርዝር ውስጥ አለመኖሩን አጣሩ፤ ኮሚቴው ማን ምን ያህል እንደሚቀበል በቃለ ጉባኤ ወስኖ ይፈርም። የብርድ ልብሱ ደረሰኝና የተቀባዮች ፊርማ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ይምጣ፤ ከቃለ ጉባኤው ጋር አያይዙት። የይለፍ ቃሉን ሁለት ሰው ይያዘው።