ካፍካ «አቃጥለው» ካለ እኛ ለምን እናነባለን?

የፒያሳው፦
ሰላም ለቤቱ። ደራሲው ፍራንዝ ካፍካ በ1924 (በፈረንጆቹ ነው) በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ለጓደኛው ለማክስ ብሮድ አንድ ማስታወሻ ትቶለት ነበር። የቀን ማስታወሻዬን፣ ረቂቆቼን፣ ደብዳቤዎቼን ሳታነብ አቃጥል የሚል። ብሮድ አላቃጠለም። አሳተመ። ልቦለዱስ እሺ ይሁን። ለሴት ጓደኛው የጻፈው ደብዳቤ ግን እኛን ምን ያገባናል? ለኔ ብሮድ አደራ በላ ነው።

ቀይ እስክሪብቶ፦
ኧረ ተው! ብሮድ እኮ ካፍካ ገና በሕይወት እያለ «አላደርገውም» ብሎት ነበር። ካፍካ ይህን እያወቀ ሌላ ሰው አልፈለገም። ደግሞ በርሊን ሳለ አንዳንድ ጽሑፎቹን በመጨረሻዋ ፍቅረኛው በዶራ እጅ አስቃጥሏል። ምድጃ አላጣም።

የፒያሳው፦
ደብዳቤ ግን የተላከለት ሰው ጋ ነው ያለው። ከሰው ቤት ገብቶ ያቃጥል?

ከሃይፋ፦
ሻንጣውን አትርሱት እንጂ። በመጋቢት 1939 ናዚዎች ፕራግ ሲገቡ ብሮድ ወረቀቶቹን በሻንጣ ይዞ ወጣ፤ ወደ ፍልስጤም መጣ። የካፍካን ሦስት እህቶች ናዚዎች ገደሏቸው። ወረቀቱ እዚያ ቢቀር ምን ይሆን ነበር? ከዓመታት ሙግት በኋላ የእስራኤል ፍርድ ቤት በ2016 የብሮድ ወረቀቶች ለአገሪቱ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይሰጡ አለ። አሁን ኢየሩሳሌም ናቸው።

የሰፈሯ ልጅ፦
ሁላችሁም ስለ ሁለት ወንዶች ነው የምታወሩት። ካፍካ ለፍቅረኛው ለሚሌና የጻፋቸውን ደብዳቤዎች ያሳተመው ብሮድ አይደለም፣ ጸሐፊው ቪሊ ሃስ ነው። ሚሌና በ1939 እሱ ጋ አስቀመጠቻቸው። በ1944 ራቨንስብሩክ በተባለው የናዚ ካምፕ ሞተች። መጽሐፉ በ1952 ወጣ። እሷን ማን ጠየቃት? ሚሌና ጋዜጠኛ ናት፣ የካፍካን ሥራ ወደ ቼክኛ የተረጎመች። እሷ ለሱ የጻፈችው ግን አልተገኘም። ታክሲ ውስጥ ስልክ የሚያወራ ሰው አጠገብ ተቀምጦ የአንዱን ወገን ብቻ መስማት ማለት ነው። ከዚያ ወርደን «እሷ እንዲህ ነበረች» እንላለን።

ቀይ እስክሪብቶ፦
ይቺ መታችኝ። ካፍካ ራሱ ለሚሌና፣ በደብዳቤ የተላከ መሳም አይደርስም፣ መናፍስት መንገድ ላይ ይጠጡታል ብሏት የለ? መናፍስቱ እኛ ነና።

ጋሼ፦
ልጆች፣ እኔ ለአባቱ የጻፈውን አንብቤያለሁ። በ1919 ነው፤ በእጅ ጽሑፍ ከመቶ ገጽ በላይ። አባትየው ሳያየው ነው የቀረው። እኔ ግን አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ አየሁት። ሳነበው ሰውነቴ ይሸማቀቅ ነበር፣ የሰው ገመና ነዋ። አላቋረጥኩም ግን። አባቴን ያገኘሁት መሰለኝ።

የፒያሳው፦
ጋሼ፣ እንዲህ ከሆነ ታዲያ ይታተም ነው የሚሉት?

ጋሼ፦
ይቆይ ነው የምለው። አሜሪካዊቷ ደራሲ ዊላ ካተር ደብዳቤዎቼ አይታተሙ ብላ ተናዝዛ በ1947 ሞተች። በ2013 ታተሙ። ስልሳ ስድስት ዓመት! ያን ጊዜ የሚያፍር ሰው አይኖርም።

የሰፈሯ ልጅ፦
የሚያፍር ስለሌለ ተፈቀደ ማለት ነው? ሟች እንደሆነ አይከራከርም።

የፒያሳው፦
እርስዎስ ጋሼ፣ የወጣትነት ደብዳቤዎን ምን አደረጉት?

ጋሼ፦
ሳጥን ውስጥ ነው። ቁልፉን ባለቤቴ ደብቃዋለች።