የመንገድ ፎቶዬን የፊልም መልክ እንዴት ላስይዘው?

ጥያቄ
ሰላም ናችሁ። አመሻሽ ላይ ያነሳሁት የመንገድ ፎቶ አለኝ። አንድ ሰው ጃንጥላ ይዞ ይሻገራል፤ አስፋልቱ ርሷል፤ ከጀርባው የሱቅ መብራት አለ። ያነሳሁት በሮው (ካሜራው ባልነካካው ጥሬ ፋይል) ነው፤ የምሠራው በላይትሩም፣ በፎቶ ማስተካከያው ፕሮግራም። ሻዶውን (ጨለማ ክፍሉን) ወደ ሰማያዊ፣ ሃይላይቱን (ደማቅ ክፍሉን) ወደ ብርቱካናማ ስወስደው የሰውየው ፊት አመድ ይመስላል። ያወረድኳቸው ፕሪሴቶችም (ዝግጁ የማስተካከያ ቅንብሮች) አልሆኑልኝም። ከየት ልጀምር?

መልስ
ወንድሜ፣ ቀለሙን ለጊዜው ተወው። መጀመሪያ ብርሃኑን አስይዝ። ኤክስፖዠሩን (የጠቅላላውን ፎቶ ብርሃን) ትንሽ ዝቅ አድርገው፤ አመሻሽ እንደ አመሻሽ ይታይ። የሱቁ መብራት ከነጣ ሃይላይቱን አውርድ። ከዚያ ቶን ከርቭ (ጨለማና ብርሃን የሚስተካከልበት መስመር) ላይ የታችኛውን የግራ ጫፍ በጥቂቱ ወደ ላይ ሳበው። ድፍኑ ጥቁር ለስለስ ይላል። ለእኔ የፊልም መልክ ግማሹ እዚህ ነው። ካበዛኸው ግን ፎቶው ጭጋግ ይለብሳል።
ፕሪሴት በሌላ ብርሃን ለተነሳ ፎቶ የተሠራ ነው። አንተ ጋ ባይሠራ አይገርምም።

ሌላ መልስ
የፊቱን ነገር ልንገርህ። የሰው ቆዳ፣ ጠቆረም ቀላም፣ መሠረቱ ወደ ብርቱካናማ ያደላል። በቀለም ክብ ላይ ደግሞ የብርቱካናማ ተቃራኒ ሰማያዊ ነው። ጎን ለጎን ሲሆኑ ይደማመቃሉ፤ ፊልም ሠሪዎች የሚወዷቸውም ለዚህ ነው። አንዱ በሌላው ላይ ሲያርፍ ግን ይጠፋፉና ግራጫ ይወጣል። ያንተ ሰው ፊቱ በጃንጥላው ጥላ ውስጥ ስለሆነ የሻዶው ሰማያዊ ቀጥ ብሎ እሱ ላይ ነው ያረፈው።
ካለር ግሬዲንግ (የሻዶውና የሃይላይቱ ቀለም መስጫ) ውስጥ የሻዶውን ሳቹሬሽን (የቀለሙን ድምቀት) 10 አካባቢ አድርገው። እዚያው ያለውን ባላንስ (ሁለቱ ቀለሞች ፎቶውን የሚካፈሉበትን ማንሸራተቻ) ወደ ቀኝ ግፋው፤ የሻዶው ቀለም የሚነካው ቦታ ይጠባል። ካልበቃህ ሰውየውን በማስክ (አንድ ቦታ ብቻ ለይቶ ማስተካከያ) ለይና ቴምፑን (የቀለሙን ሙቀት) ትንሽ ወደ ቢጫ ውሰደው።

ጠያቂው
ለካ ሳቹሬሽኑ 40 ላይ ነበር! ዝቅ ሳደርገው ፊቱ ተመለሰ። አሁን ደግሞ ጥግ ላይ ያለ ቀይ ማስታወቂያ ዓይን ይስባል። ምን ላድርገው?

ሌላ መልስ
ፊልም ላይ የልብሱና የግድግዳው ቀለም አስቀድሞ ተመርጦ ነው የሚቀረጸው። መንገድ ላይ ማንን ልብስ ቀይር ትላለህ? ስለዚህ ቀለም መቀነሱ ኤዲት ላይ ይመጣል። ቀዩን ከጠቅላላው ፎቶ አትቀንስ፤ ከንፈርና ጉንጭም አብረው ይደርቃሉ። ማስታወቂያውን ብቻ በብረሽ ማስክ ቀባው፣ ሳቹሬሽኑንና ኤክስፖዠሩን አውርድ።
በነገራችን ላይ ሰማያዊና ብርቱካናማው እኔን ሰልችቶኛል። የሱቁ መብራት ራሱ ሞቅ ያለ ከሆነ ሃይላይቱ ላይ ምንም ባትጨምር ይሻላል።

መልስ ሰጪው (የመጀመሪያው)
በዚህ እስማማለሁ። ክሮፑን (የፎቶውን አቆራረጥ) 16 ለ 9፣ እንደ ቴሌቪዥን ስክሪን ሰፋ አድርገህ ሞክረው፤ ማስታወቂያው ጥግ ላይ ከሆነ ምናልባት ተቆርጦ ይወጣልሃል፣ ማስኩም አያስፈልግህም። ፊልም እንዲመስል ጥቁር መስመር ከላይና ከታች መለጠፉን ግን ተወው።