ከኢሜይል ዝርዝር መውጣትን እንዴት እናቅልል?

ለገሃር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሐረር ላለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ በየወሩ ለደንበኞች ኢሜይል እንልካለን። መውጣት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ በፓስወርድ ግባ ይባል ነበር፤ ሰዉ ተሰላችቶ ስፓም ይለናል። ፓስወርዱን አንስተን ሊንኩ እንደተከፈተ እንዲያስወጣ ስናደርገው ደግሞ ምንም ያልጠየቁ ደንበኞች ከዝርዝሩ ጠፉ። የት ነው የተሳሳተው?

ሳቢያን፦
የጠፉት አብዛኞቹ የመሥሪያ ቤት አድራሻ ያላቸው ይሆናሉ። የመሥሪያ ቤት ሰርቨሮች ቫይረስ ለመፈተሽ ሊንኮችን ሰውየው ሳያይ ቀድመው ይከፍታሉ። ስለዚህ ገጹ መከፈቱ ብቻ (ጌት የሚባለው፣ ገጽ አሳየኝ የሚል ጥያቄ) ማንንም ማስወጣት የለበትም። ገጹ ላይ «አስወጡኝ» የሚል አንድ በተን ይኑር፣ ማስወጣቱ የሚፈጸመው በተኑ ሲነካ በሚመጣው ፖስት (ለሰርቨሩ መረጃ የሚልክ ጥያቄ) ይሁን። አድራሻ ጻፍ ማለትም አያስፈልግም፤ ሊንኩ ውስጥ የማይገመት ቶክን (ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ኮድ) ካለ ሰውየው ማን እንደሆነ ይታወቃል።

ቀጥሎ የኢሜይሉ ሄደር (ከመልእክቱ በፊት ያለው፣ ለፕሮግራሞች የሚጻፍ ክፍል) ላይ ሁለት መስመር ጨምሩ። «ሊስት-አንሰብስክራይብ» የኤችቲቲፒኤስ ሊንኩን ይይዛል፤ «ሊስት-አንሰብስክራይብ-ፖስት» ደግሞ «ሊስት-አንሰብስክራይብ=ዋን-ክሊክ» የሚለውን። ጂሜይል መውጫውን ከላኪው ስም ጎን የሚያወጣው ከዚህ ነው። በዚህ መንገድ የሚመጣው ፖስት ግን ያለ ኩኪ (ሰውየው መግባቱን የሚያሳይ የብራውዘር መለያ) ነው የሚመጣው፤ ሰርቨራችሁ ወደ ሌላ ገጽ ከመራው ይከሽፋል። ዲኪም የሚባለው፣ ኢሜይሉ ከእናንተ መምጣቱን የሚያረጋግጠው ፊርማም ሁለቱን መስመሮች ይሸፍን።

ለገሃር፦
እናመሰግናለን። የምንልከው ጥቂት መቶ ብቻ ነው፤ ግዴታ አለብን?

ሳቢያን፦
ጂሜይል ከ2024 ጀምሮ የሚያስገድደው በቀን ወደ 5,000 ገደማና ከዚያ በላይ ለጂሜይል አድራሻዎች የሚልከውን ነው፤ የጠየቀውንም በ2 ቀን ውስጥ እንዲያስወጣ ይጠብቃል። እናንተ ግን አሁኑኑ አድርጉት። መውጫ ያጣ ሰው ስፓም በሚለው ቁጥር የሌሎቹም ኢሜይል ስፓም ውስጥ መውደቅ ይጀምራል።

ጀጎል፦
አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ጊዜ ጉዳዩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የወጣውን ሰው አድራሻ ከነጭራሹ አትሰርዙት። ከስድስት ወር በኋላ አንድ ሰው የድሮውን ኤክሴል መልሶ ሲጭን ሰውየው ተመልሶ ይገባል። «አይላክለት» የሚል የተለየ ዝርዝር ያዙ፣ ከእያንዳንዱ መላክ በፊት ከእሱ ጋር አመሳክሩ።

መውጫውን በግራጫ ደቃቅ ፊደል መደበቅ ደንበኛን መናቅ ነው። በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ጻፉት፤ በሞባይል ዳታ ቶሎ እንዲከፈትም ገጹ ያለ ፎቶ ይሁን። «እባካችሁ አስወጡኝ» ብሎ በመልስ የሚጽፍም አይጠፋም፤ መልስ የማይቀበል አድራሻ አትጠቀሙ፣ እሱንም በእጅ አስወጡት።