መድኃኒቱ ከቀጠሮው ቀድሞ ያልቃል፤ የስኳርና የግፊት ክትትል

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የስኳርና የደም ግፊት ክትትል ያለው ሰው በየ3 ወሩ ይቀጠራል፤ በሄደ ቁጥር ግን የሚያየው ሌላ ሐኪም ነው። ካርዱን ገለጥ ገለጥ አድርጎ «ያው ይቀጥል» ብሎ ይሸኘዋል። የላብራቶሪ ውጤት ይጠፋል፣ መድኃኒቱም ቀጠሮው ሳይደርስ ያልቃል። ከታካሚው በኩል ምን ማድረግ ይቻላል? በጣም ያሳዝናል።

የክትትል ክፍል ነርስ፦
ትልቁ ችግር ደሙ የሚሰጠው በቀጠሮው ዕለት መሆኑ ነው። ውጤቱ ሲወጣ ሐኪሙ የለም፤ ውሳኔው ሌላ 3 ወር ይገፋል። ስለዚህ ከክፍሉ ሳይወጡ የሚቀጥለውን የምርመራ ማዘዣ ያጽፉና ደሙን ከቀጠሮው 1 ሳምንት አስቀድመው ይስጡ። ውጤቱን እንደተቀበሉ በስልክ ፎቶ ያንሡት።

ኤችቢኤዋንሲ የሚባለው የደም ምርመራ ያለፉትን 2 እስከ 3 ወራት የስኳር መጠን ስለሚያሳይ ለእሱ ሲባል ምግብ ሳይበሉ መምጣት አያስፈልግም። ደም ማነስ ካለ ግን ይናገሩ፣ ቁጥሩ ሊያሳስት ይችላል። ክሬቲኒንና የሽንት አልቡሚን (ሁለቱም የኩላሊት ምርመራ ናቸው)፣ ዓይንና እግር በዓመት ቢያንስ አንዴ ይታያሉ። የሚዘነጋው እግር ነው። ካልሲ ሳይወልቅ የታየ እግር እንዳልታየ ይቆጠራል፤ ተራዎ ሲቃረብ ራስዎ አውልቀው ይጠብቁ።

ፋርማሲስት፦
በቀን 2 ፍሬ ሜትፎርሚን (የስኳር መድኃኒት) ለሚወስድ ሰው 180 ፍሬ ለ90 ቀን ነው። ቀጠሮው በ2 ሳምንት ሲገፋ 28 ፍሬ ይጎድላል። ያኔ ሰው እንዲያዳርሰው ብሎ በቀን አንድ መዋጥ ይጀምራል፤ ስኳሩ ከፍ ብሎ ሲገኝ ደግሞ ሐኪሙ መድኃኒቱ አልበቃም ብሎ መጠኑን ይጨምራል። ቀንሰው ወስደው ከሆነ እባክዎ አይደብቁ። ማዘዣው ሲጻፍም ቀኑን ቆጥረው የ14 ቀን ትርፍ ይጠይቁ።

ሌላው፣ ኢናላፕሪል የተባለው የግፊት መድኃኒት ሲጀመር ወይም መጠኑ ሲጨመር ክሬቲኒንና ፖታሲየም ከ1 እስከ 2 ሳምንት ውስጥ መታየት አለባቸው። 3 ወር አይጠበቅም።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ግፊቱስ? እዚያ ሲለካ ሁልጊዜ ከፍ ይላል።

የክትትል ክፍል ነርስ፦
ተቻኩሎ ገብቶ ወዲያው ክንዱን የሰጠ ሰው ቁጥሩ ከፍ ማለቱ አይቀርም። ከቀጠሮው በፊት ለ7 ቀን ቤት ይለኩ፤ ጠዋት መድኃኒት ሳይዋጥ፣ ከዚያ ማታ። 5 ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ፤ ጀርባ ተደግፎ፣ እግር ሳይቆላለፍ፣ ክንድ ተራቁቶ በልብ ትይዩ። በ1 ደቂቃ ልዩነት 2 ጊዜ ይለኩ። ክንድ ላይ የሚጠመጠመው ጨርቅ ከጠበበ ቁጥሩን ያንረዋል። የመጀመሪያውን ቀን ይተዉት፤ የቀሩትን 24 ልኬቶች አማካይ ከመድኃኒቶቹ ስምና ሚሊግራም ጋር በአንድ ገጽ ጽፈው፣ ሐኪሙ ካርዱን ሳይከፍት በፊት እጁ ላይ ያድርጉት።