«አመዴ በሴን ወንዝ ዳር ይረፍ»፦ ናፖሊዮን ተቃጥሏል እንዴ?

አራት ኪሎ፦ ሰላም ቤቶች። የፈረንሳዩን ንጉሠ ነገሥት የናፖሊዮንን ኑዛዜ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ሚያዝያ 1821 እ.ኤ.አ. ሎንግውድ፣ ሴንት ሄሌና ደሴት ላይ በግዞት በኖረበት ቤት የተጻፈው ነው። ሁለተኛው ቁጥር ላይ ተገተርኩ። «እጅግ በወደድኩት በፈረንሳይ ሕዝብ መካከል፣ በሴን ወንዝ ዳር አመዴ እንዲያርፍ እሻለሁ» ይላል። ሰውየው ግን አልተቃጠለም። ሴንት ሄሌና ተቀበረ። በ1840 እ.ኤ.አ. አስከሬኑ ወደ ፓሪስ ሊወሰድ ሣጥኑ ሲከፈት ፊቱ እንኳ ይለይ ነበር። ታዲያ የምን አመድ ነው? ነገ ማታ ማስረከብ አለብኝ።

ቸርችል ጎዳና፦ ፈረንሳይኛው «ሳንድር» ነው። በቁሙ አመድ ነው፤ በከበረ አነጋገር ግን የሟች ቅሪት ማለት ነው። ሮማውያን ሬሳ ያቃጥሉ ስለነበር ከዚያ የቀረ አባባል ነው። አስከሬኑ ፓሪስ ሲገባም ፈረንሳዮች «የአመዱ መመለስ» ነው ያሉት። አጽሜ በለውና እለፍ።

የቅኔ ቤት ልጅ፦ በመጀመሪያ ዐፅም በዐይኑ ዐ፣ በፀሐዩ ፀ ነው። ሁለተኛ፣ አመድ ለምን ይናቃል? ግእዙ ሐመድ ነው፤ አመድም ትቢያም ይሆናል። አብርሃም ፈጣሪው ፊት «አፈርና አመድ» ነኝ ሲል ማን አቃጠለው? ሟች ነኝ ማለቱ ነው። ናፖሊዮንም እንደዚያው።

መርካቶ በር፦ ትግርኛ እኮ ዛሬም ሓመድ የሚለው አፈርን ነው። ቀብሩንም «ሓመድ ኣዳም» ይለዋል። እኔ እንደሚመስለኝ መጀመሪያ አፈር ነበር፤ አማርኛ ምድጃ ውስጥ ከተተው።

የቅኔ ቤት ልጅ፦ ግእዙ ሁለቱንም ይዟል። ማን ይቀድማል የሚለውን በግምት አንፈርድም። ግስ ያልቆጠረ ሰው ሥር ባይመዝ ጥሩ ነው።

መርካቶ በር፦ አባቴ፣ ግስ ባልቆጥርም አፌን የፈታሁት በትግርኛ ነው። እናቴ ሓመድ ስትል የምታሳየኝ የጓሮውን አፈር ነበር።

ፒያሳ፦ ሁለታችሁም አንባቢውን ረሳችሁት። የዛሬ አማርኛ ተናጋሪ አመድ ሲባል አመድ አፋሽ፣ አመዱ ቡን አለ ነው የሚታወሰው። ሙታንን ስናነሳ አፈሩን ገለባ ያድርግለት እንላለን እንጂ አመዱን አንልም። ጥቅምት 1993 ዓ.ም. የጃንሆይ ቅሪት ከበዓታ ወጥቶ ሥላሴ ካቴድራል ሲያርፍ ማንም አመድ አላለም፤ ዐፅም ነው የተባለው። ቤተ ክርስቲያንም ግንቦት 12 የተክለ ሃይማኖትን ፍልሰተ ዐፅም፣ ዐፅማቸው ከቦታ ቦታ የተዛወረበትን ቀን፣ ታከብራለች። የ1840ው ጉዞ ከዚህ በምን ይለያል? ደግሞ ዐፅም ኑዛዜ ላይ ክብደት አለው። የኛ አባቶች ቃሌን ያፈረሰ አጥንቴ እሾህ ሆኖ ይውጋው ብለው ነው የሚሞቱት።

የቅኔ ቤት ልጅ፦ የጻድቅ ፍልሰት ከናፖሊዮን ጋር አይነጻጸርም! ስንት አገር ያስለቀሰ ሰው ነው። ፍልሰት ለቅዱሳን ይቀመጥ።

ፒያሳ፦ ፍልሰት ይጻፍ አላልኩም፤ ዐፅም ነው ያልኩት። ዐፅም የጻድቅም የኃጥእም አለው።

አራት ኪሎ፦ እሺ፣ «ዐፅሜ በሴን ወንዝ ዳር ይረፍ» ብዬ ልዝጋው?

የቅኔ ቤት ልጅ፦ አትቸኩል። «ይረፍ» ትእዛዝ ነው፣ እሱ ግን «እሻለሁ» ነው ያለው። የሓመድ ነገርም ገና አላለቀም።

መርካቶ በር፦ አላለቀም! አፈር ነው።