ክብደት ለመቀነስ ዎክ ወይስ ሩጫ? በቀን 45 ደቂቃ ብቻ ላለው ሰው

ሚዛን_አየሁ
ሰላም ለሁላችሁ። ሴት ነኝ፣ ዕድሜ 34፣ ክብደት 88 ኪሎ፣ ቁመት 1.68። ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነው። የልብም የስኳርም የደም ግፊትም ችግር የለብኝም፣ ጉልበቴም ደህና ነው። ለስፖርት መመደብ የምችለው በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን 45 ደቂቃ ነው፤ ከዚያ በላይ አይመቸኝም። ትሬድሚልም ሜዳም አለ። ግማሹ ሰው «ስብ የሚያቃጥለው ዎክ ነው፣ ሩጫ ጡንቻ ይበላል» ይላል፤ ሌላው «ዎክ ጊዜ ማባከን ነው» ይላል። 45 ደቂቃዬን ምን ላይ ላውለው? በቁጥር ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

አስላው
በቁጥር ከሆነ እንዲህ ነው። ሰውነት ዝም ብሎ ተቀምጦ የሚፈጀው ጉልበት 1 ሜት ይባላል፤ ለአንድ ኪሎ ክብደት በሰዓት 1 ካሎሪ ገደማ ማለት ነው። እንቅስቃሴው የዚህ ስንት እጥፍ እንደሆነ ካወቅሽ፣ ሜቱን በክብደትሽና በሰዓቱ ታባዢዋለሽ። ግን ከሜቱ ላይ መጀመሪያ 1 ቀንሺ፤ እሷን ሶፋ ላይ ተቀምጠሽም ታቃጥያት ነበር። ትሬድሚልና የእጅ ሰዓት የሚያሳዩት ቁጥር ብዙውን ጊዜ ይህ ያልተቀነሰለት ነው። «ዛሬ 600 አቃጠልኩ» ብሎ 600 የሚበላ ሰው ለምን እንደማይከሳ እዚህ ላይ ይገባሻል።

በ88 ኪሎና በ45 ደቂቃ፣ ተቀንሶ የሚቀረው ይህ ነው፦

በሰዓት 5 ኪ.ሜ. ዎክ (3.5 ሜት)፦ 165 ካሎሪ
በሰዓት 6.4 ኪ.ሜ. ፈጣን ዎክ (5 ሜት)፦ 265 ካሎሪ
በሰዓት 8 ኪ.ሜ. ሶምሶማ (8.3 ሜት)፦ 480 ካሎሪ

አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ይይዛል። አመጋገብሽ ምንም ሳይለወጥ በሳምንት 5 ቀን ለ12 ሳምንት ብትሠሪ፣ በወረቀት ላይ የመጀመሪያው 1.3 ኪሎ፣ ሁለተኛው 2 ኪሎ፣ ሦስተኛው 3.7 ኪሎ ያስቀንሳል። በተግባር ከዚህም ያንሳል፤ ክብደት ሲቀንስ ፍጆታም አብሮ ይቀንሳልና።

«አንድ ኪሎ ሜትር ብትሄጂውም ብትሮጪውም እኩል ነው» የሚሉሽን አትመኚ። ከላይ ያለውን በርቀት ብታካፍዪው ዎኩ በኪሎ ሜትር 44፣ ሶምሶማው 80 ይመጣል። በዎክ ጊዜ አንዱ እግር ሁልጊዜ መሬት ላይ ነው፤ ስትሮጪ ግን በየእርምጃው መላ ሰውነትሽን ከመሬት አንስተሽ መልሰሽ ትቀበዪዋለሽ።

የስቡን ወሬ በተመለከተ፦ በዝግታ ስትንቀሳቀሺ ከሚቃጠለው ውስጥ የስብ ድርሻ በመቶኛ ከፍ ማለቱ እውነት ነው። ግን ለምሳሌ የ165 ካሎሪ 60 በመቶ ወደ 100 ነው፣ የ480 ካሎሪ 35 በመቶ ግን 168 ነው። ከዚህም በላይ ሰውነት ሂሳቡን የሚዘጋው በቀኑና በሳምንቱ ድምር እንጂ በዚያች 45 ደቂቃ አይደለም። ጡንቻን የሚበላው ሩጫ ሳይሆን ፕሮቲን እያጎደሉና ክብደት ሳያነሱ ምግብን በኃይል መቁረጥ ነው።

ፍጥነት_ይሻላል
እንግዲህ መልሱ ወጣ፣ ሩጪ! ጊዜሽ አጭር ነው፣ በደቂቃ ከዎክ እስከ ሦስት እጥፍ የምታገኚው ከሩጫ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ6 ዓመት በላይ ሯጮችንና እግረኞችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናትም አለ፤ እኩል ጉልበት ካወጡት መካከል እንኳ የሯጮቹ ክብደት ይበልጥ ቀንሷል፣ በተለይ ወፈር ባሉት ላይ። ከሩጫ በኋላ የሚቀጥለው ቃጠሎም አለ።

ቀስ_በቀስ
ጥናቱ እውነት ነው፤ ግን ድሮውንም መሮጥ የለመዱና ራሳቸው መርጠው የሚሮጡ ሰዎች ናቸው የተከታተላቸው። ዛሬ ከወንበር የተነሳ 88 ኪሎ ሰው ነገ በሳምንት 5 ቀን 45 ደቂቃ ሶምሶማ ይሩጥ አይልም። (የዚያው ጥናት ሌላ ዘገባ ለደም ግፊት፣ ለኮሌስትሮልና ለስኳር ሁለቱም እኩል ጉልበት እስከወጣባቸው ድረስ ተቀራራቢ ጥቅም እንዳላቸው ማሳየቱንም አብረን እንናገር።) ከሩጫ በኋላ የሚቀጥለው ቃጠሎ ደግሞ ሩጫው ራሱ ካቃጠለው ላይ ጥቂት በመቶ ብቻ የሚጨምር ነው፤ የተባለለትን ያህል አይደለም።

ዋናው ጥያቄ «በደቂቃ ስንት» ሳይሆን «እግርሽ በሳምንት ስንት ደቂቃ ይችላል» የሚለው ነው። በዎክ ጊዜ እግርሽ በየእርምጃው የሚቀበለው ጫና ከክብደትሽ ብዙም አይበልጥም፤ በሩጫ ከ2 እስከ 3 እጥፍ ይደርሳል። ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንት ይለምዳሉ፣ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ችግር የሚመጣው በዚህ መሃል ነው፤ ትንፋሽሽ «እችላለሁ» ሲልሽ ቅልጥምሽ ገና ነው። በሦስተኛው ሳምንት ተጎድቶ አንድ ወር የተኛ ሯጭ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ዎክ ካደረገው ሰው ያነሰ ነው የሚያቃጥለው።

ስለዚህ እንዲህ ብታደርጊው፦

ከ1ኛ እስከ 4ኛ ሳምንት ሩጫ የለም። 5ቱንም ቀን ዎክ፤ ከቻልሽው ፍጥነት ተነስተሽ 45 ደቂቃውን በሰዓት ወደ 6 ኪ.ሜ. እስክታደርሺ። ልኩ ማውራት መቻልሽ ነው፤ ማውራት ትችያለሽ፣ መዝፈን ግን አትችይም።

ከ5ኛው ሳምንት ጀምሮ 3 ቀን ሶምሶማ ታስገቢያለሽ፣ ሁለቱ ቀን ዎክ እንደሆነ ይቀጥላል። የሶምሶማ ቀኖች ተከታትለው አይምጡ። 10 ደቂቃ ዎክ ለማሟሟቂያ፣ ከዚያ 1 ደቂቃ ሶምሶማ 2 ደቂቃ ዎክ 8 ጊዜ፣ ቀሪው ዎክ። ይህ ሲቀልሽ 2 በ2 (2 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ ዎክ) ስድስት ጊዜ፣ ቀጥሎ 3 በ2 አምስት ጊዜ፣ ቀጥሎ 5 በ2 አራት ጊዜ። እያንዳንዱ ደረጃ ላይ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቆዪ፣ ሁለት ቢሆን ይመረጣል። ወደሚቀጥለው ለመሄድ ፈቃድ የሚሰጥሽ የማግስቱ ጠዋት ነው፤ ከአልጋ ስትወርጂ የሚወጋ ነገር ካለ እዚያው ደረጃ ላይ ትቆያለሽ።

የሶምሶማው ፍጥነት ሙሉ ዓረፍተ ነገር የሚያናግር ይሁን። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው አንድ ደቂቃዋን እንደ ውድድር በመሮጥ ነው። በዝግታሽ ብታፍሪም ግድ የለም፣ ማንም ሰዓት አልያዘብሽም።

ሕመምን መለየትም ያስፈልጋል። የቅልጥም ውስጠኛው ጠርዝ ረዘም ብሎ ከታመመ ጫናው በዝቷል ማለት ነው፤ ሶምሶማውን ለአንድ ሁለት ሳምንት ትተሽ ዎክ ቀጥዪ። ሕመሙ ግን በአንድ ጣት የሚነካ አንድ ነጥብ ላይ ከሆነ፣ ወይም ተኝተሽም የሚያምሽ ከሆነ፣ አጥንቱ ሊሰነጠቅ ጀምሮ ይሆናልና አቁመሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ደረጃ ስትወርጂ የጉልበትሽ ሎሚ ዙሪያ ካመመሽ ብዙ ጊዜ እርምጃሽ ረዝሟል፤ እግርሽ ከፊትሽ ርቆ እያረፈ ነው። የአንዱን እግር እርምጃ ለ30 ሴኮንድ ቆጥረሽ በ4 አባዢው፤ የሁለቱም እግር የደቂቃ እርምጃ ይወጣል። 156 ከመጣ ሳትፈጥኚ እርምጃውን አሳጥረሽ 164 አካባቢ አድርጊው፤ ከ5 እስከ 10 በመቶ መጨመር ጉልበት ላይ የሚያርፈውን ጫና ይቀንሳል።

የደረት ሕመም፣ ራስ ማዞር ወይም ያልተለመደ የልብ ምት ካለ ደግሞ ነገርየው ስፖርት መሆኑ ያበቃል፣ ወዲያው ሕክምና ነው። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ኪኒን የሚወስድ አንባቢ ካለ ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያነጋግር።

ዳገት_ወዳድ
ሁላችሁም ትሬድሚሉን ረሳችሁት። ሳይሮጡ የሩጫን ያህል ለማቃጠል መንገዱ ዳገት ነው። በሰዓት 5 ኪ.ሜ. እየሄድሽ ትሬድሚሉን 5 በመቶ ብታነሺው 5.5 ሜት አካባቢ ይሆናል፣ 10 በመቶ ብታደርጊው 7.7። በ«አስላው» ሂሳብ 45 ደቂቃው 297 እና 442 ካሎሪ ማለት ነው። 442 ለሶምሶማው 480 ምን ቀረው? መሬት ላይ የሚያርፈው ጫና ግን የዎክ ነው።

ሁለት ነገር ግን ያበላሸዋል። አንደኛ፣ እጀታውን መያዝ። እጀታውን ይዘሽ ወደ ኋላ ስታዘነብዪ ሰውነትሽ ከቀበቶው ጋር ቀጤ ይሆናል፣ ዳገቱም በእግርሽ ዘንድ የለም ማለት ነው። ማሽኑ ይህን ስለማያውቅ ሙሉውን ካሎሪ ይጽፍልሻል። ሳትይዢ መሄድ ካልቻልሽ ዳገቱን ወይ ፍጥነቱን ቀንሺ፣ እጀታው ለመውደቅ ነው። ሁለተኛ፣ በአንዴ 10 ላይ መውጣት። ዳገት ባትንና የተረከዝ ጅማትን ይለጥጣል። በ3 በመቶ ጀምረሽ በሳምንት 1 ጨምሪ፤ ጠዋት ተነስተሽ የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች ስትራመጂ ከተረከዝ በላይ ግትር ካለብሽ ወደ ባለፈው ሳምንት ተመለሺ።

ፍጥነት_ይሻላል
ዳገቱን ተቀብያለሁ። «ሩጫ የጉልበት መገጣጠሚያን ይጨርሳል» ወደሚለው እንዳንሄድ ብቻ። ለጤና የሚሮጥ ጤነኛ ጉልበት በመሮጡ ብቻ ያልቃል የሚል ማስረጃ የለም። የሚጎዳው ድንገት የተጨመረ ጫና ነው፤ እሱ ላይ ከ«ቀስ_በቀስ» ጋር አንድ ነኝ።

አስላው
ማንም ስላላነሳው፦ ምግብ። ግማሽ ሊትር ጣፋጭ ለስላሳ መጠጥ ወደ 210 ካሎሪ ነው፣ ማለትም ከ45 ደቂቃ ተራ ዎክ ይበልጣል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ነው። በቀን ከምግብ 300 ብትቀንሺና ከስፖርት በአማካይ 190 ብታገኚ (265 በ5 ቀን፣ ለ7 ተካፍሎ)፣ በሳምንት ወደ 0.45 ኪሎ ይመጣል። ስፖርቱ ብቻውን ግን 0.17 ነው። ፕሮቲን በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደትሽ 1.2 ግራም አካባቢ ብትይዢ ጡንቻሽን ይጠብቅልሻል፣ ረሃቡንም ያስታግሳል።

ከስፖርት መልስ ሳናውቀው የምናደርገው ሌላ ነገር ደግሞ ቀሪውን ቀን መጋደም ነው። ከባድ ሩጫ ይህን ያባብሳል። ሶምሶማው ባለበት ቀን አጠቃላይ እርምጃሽ ዎክ ካለበት ቀን ካነሰ ትርፉ እየፈሰሰ ነው።

ሚዛን_አየሁ
እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ግልጽ ነው። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። 45ቱን ደቂቃ ጠዋትና ማታ ልከፍለው እችላለሁ? ሚዛኑስ ላይ መቼ ልውጣ?

ቀስ_በቀስ
ዎክና ዳገት ከሆነ 25 እና 20 አድርገሽ ብትከፍዪው ካሎሪው ያው ነው፤ ለወንበር ሥራ እንዲያውም ይሻላል። የሶምሶማ ቀን ግን አትክፈዪው፣ ማሟሟቂያው ሁለት ጊዜ ጊዜሽን ይበላብሻል።

ሚዛን ላይ ጠዋት፣ ከሽንት በኋላ፣ ምንም ሳትበዪና ሳትጠጪ ውጪ። የአንድ ቀንን ቁጥር አትዪ፣ የሳምንቱን አማካይ ከሳምንቱ አማካይ ጋር አስተያዪ። ሶምሶማ የጀመርሽበት ሳምንት ክብደትሽ ቢጨምር አትደንግጪ፤ የደከመ ጡንቻ ውሃ ይይዛል፣ ጡንቻ የሚያከማቸው እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅንም (ለጉልበት የተቀመጠ ስኳር) ወደ 3 ግራም ውሃ ይዞ ይቀመጣል። የወር አበባ ሰሞንም ሚዛኑ ይወጣልና ያንን ሳምንት ካለፈው ወር ተመሳሳይ ሳምንት ጋር አስተያዪው። በየሁለት ሳምንቱ ደግሞ እምብርትሽ ላይ በሜትር ወገብሽን ለኪ፣ ትንፋሽ አውጥተሽ፣ ሆድሽን ሳትስቢ። አራት ሳምንት ሙሉ ሚዛኑም ሜትሩም ካልተንቀሳቀሱ ወደ ሩጫ ከመሮጥሽ በፊት መጀመሪያ ምግብሽን ለሳምንት ያህል መዝግቢ።